«ምኗ ነሽ?»፦ የተመሳሳይ ፆታ ጋብቻ በቴክሳስ ምን ያስጠብቃል፣ ምንስ ሊታጣ ይችላል?

ፌብሩዋሪ 19 ቀን 2015 ጠዋት፣ በቴክሳስ ዋና ከተማ በኦስቲን፣ ሁለት ሴቶች የጋብቻ ፈቃድ አውጥተው እዚያው ካውንቲው (ከግዛት በታች ያለው አስተዳደር) ጽሕፈት ቤት ደጃፍ ላይ ተጋቡ። አብረው መኖር ከጀመሩ 30 ዓመት ገደማ ሆኗቸዋል፤ ሁለት ሴት ልጆችም አሳድገዋል። ያን ዕለት ያጣደፋቸው አንደኛዋን የያዛት የኦቫሪ ካንሰር ነው። በጊዜው የቴክሳስ ሕግ እንዲህ ያለውን ጋብቻ ይከለክል ስለነበር ፈቃዱ የተሰጣቸው አንድ ዳኛ የሕመሙን ነገር አይቶ ስላዘዘላቸው ነው። ቀኑ ሳይመሽ የግዛቲቱ ጠቅላይ ዐቃቤ ሕግ ለቴክሳስ ጠቅላይ ፍርድ ቤት አቤት ብሎ ትእዛዙን አሳገደ፤ እግዱ ሲደርስ ግን ተጋብተው ነበር። ጋብቻው ይፍረስ የሚለው ክርክር እስከ 2016 ቀጠለ። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት በሙሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

30 ዓመት ያለ ወረቀት የኖረ ሰው በመጨረሻ ወረቀት ፍለጋ የሚሮጠው ለምንድን ነው? በደህናው ቀን ማንም ሰው የትዳርህን ማስረጃ አምጣ አይባልም። የሚባለው በክፉ ቀን ነው፤ ድንገተኛ ክፍል በር ላይ፣ የቀብር አስፈጻሚው ጠረጴዛ ፊት፣ በውርስ ችሎት፣ በኢሚግሬሽን መስኮት። ጥያቄው ሁሉም ዘንድ አንድ ነው፦ «ምኗ ነሽ?» «ምኑ ነህ?» ሕግ የሚቀበለው መልስ ያለው ሰው ይገባል፤ የሌለው 30 ዓመት አስታምሞም ቢሆን በር ላይ ይቀራል። በዚህ ጋብቻ ላይ የሚነሣው ክርክር አብዛኛውን ጊዜ በእምነትና በባህል ዙሪያ ይሽከረከራል። ለተጋቢዎቹ ግን ጉዳዩ ያ መልስ ነው፤ በቴክሳስ ደግሞ መልሱ የተመሠረተበት መሬት ብዙዎች እንደሚያስቡት ጽኑ አይደለም።

ከላይ ፍርድ፣ ከሥር ያልተነሣ ሕግ

ቴክሳስ ይህን ጋብቻ የከለከለችው ደጋግማ ነው። በ1997 ካውንቲዎች ፈቃድ እንዳይሰጡ ተደነገገ። በ2003 ደግሞ ሌላ ግዛት ውስጥ የተፈጸመ ቢሆን እንኳ በቴክሳስ ፈራሽ ነው ተባለ። በኖቬምበር 2005 ጉዳዩ ለሕዝብ ድምፅ ቀርቦ ከመቶ 76 ያህሉ ስለደገፈው ክልከላው በግዛቲቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 1 ክፍል 32 ላይ ሰፈረ። ማሻሻያው ጋብቻ በአንድ ወንድና በአንዲት ሴት መካከል ብቻ ነው ብሎ አላበቃም። ግዛቲቱም ሆነች በሥሯ ያሉ አስተዳደሮች ከጋብቻ ጋር አንድ የሆነ ወይም የሚመሳሰል ሕጋዊ ግንኙነት እንዳይፈጥሩም፣ እንዳይቀበሉም ይከለክላል። ይህ ሁለተኛው ዐረፍተ ነገር ብዙ አይወራለትም፤ ነገር ግን «ጋብቻ ባይባልም በሌላ ስም መብቱ ይሰጣቸው» የሚለውን መካከለኛ መንገድ የዘጋው እርሱ ነው።

ጁን 26 ቀን 2015 የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በኦበርገፌል ጉዳይ የተመሳሳይ ፆታ ጋብቻ በሁሉም ግዛቶች እንዲፈቀድ 5 ለ 4 ሲፈርድ እነዚህ ሁሉ በአንድ ጠዋት ከሥራ ውጭ ሆኑ። ከዚያ ፍርድ ጀርባ ያለው ታሪክ መነሻው የሞት ምስክር ወረቀት ነው። የኦሃዮው ጂም ኦበርገፌል ጡንቻን በሚያሽመደምደው በኤ.ኤል.ኤስ. ሕመም አልጋ ላይ የዋለውን ጆን አርተርን ያገባው ሜሪላንድ ድረስ በሕክምና አውሮፕላን ወስዶት፣ እዚያው ማረፊያው ላይ በቆመው አውሮፕላን ውስጥ ነው። የራሳቸው ግዛት ግን ጋብቻውን አልተቀበለችም። የሞት ምስክር ወረቀቱ አርተርን «ያላገባ» ብሎ፣ የኦበርገፌልን ቦታ ባዶ ትቶ እንዳይወጣ ነበር የከሰሰው።

ፍርድ ሕግን ያግደዋል እንጂ ከመጽሐፍ አይፍቀውም። የሚሰርዘው ሕግ አውጪው ነው፤ ሕገ መንግሥታዊ ከሆነም ሕዝቡ። ካሊፎርኒያ፣ ኮሎራዶና ሃዋይ በኖቬምበር 2024 በሕዝብ ድምፅ ከሕገ መንግሥታቸው አወጡት። ቴክሳስ ግን አላወጣችም፤ ሦስቱም ድንጋጌዎች ዛሬም ቃል በቃል ተጽፈው ይገኛሉ። የኦበርገፌል ፍርድ ቢሻር እነዚህን መልሶ ሥራ ላይ ለማዋል አዲስ ሕግ ማውጣት አያስፈልግም ማለት ነው። እንዲህ ያለ ያንቀላፋ ሕግ ጉዳት የለውም የሚሉ አሉ። እኛ አንስማማም። ሰው ቤት ሲገዛ፣ ልጅ ሲወልድ፣ ጡረታውን ሲያስብ የሚያቅደው ለ20 እና ለ30 ዓመት ነው፤ በአንድ ፍርድ ሊነቃ የሚችል ሕግ ደጁ ተኝቶ እያለ በሙሉ ልብ ማቀድ አይቻልም።

ሥጋቱን ያባሰው የ2022ቱ የዶብስ ፍርድ ነው። ፅንስ የማቋረጥን ሕገ መንግሥታዊ መብት በሻረው በዚያ ውሳኔ ላይ ዳኛ ክላረንስ ቶማስ ለብቻቸው በጻፉት አስተያየት ኦበርገፌልም እንደገና መታየት አለበት አሉ። ሌሎቹ ዳኞች በዚያ አስተያየት አልፈረሙም። በጁን 2025 ዳላስ ላይ የተሰበሰበው የደቡብ ባፕቲስቶች (የፕሮቴስታንት ቤተ እምነት) ጉባኤ የኦበርገፌል ፍርድ እንዲገለበጥ የሚጠይቅ የአቋም መግለጫ አወጣ። በሌላ በኩል፣ በ2015 ለተመሳሳይ ፆታ ተጋቢዎች ፈቃድ አልሰጥም ያለችው የኬንታኪዋ የካውንቲ ጸሐፊ ኪም ዴቪስ ፍርዱ እንዲሻር ያቀረበችውን አቤቱታ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ኖቬምበር 10 ቀን 2025 ምክንያት ሳይሰጥ አልቀበልም አለ። እንዲህ ያለ አቤቱታ እንዲታይ ከዘጠኙ ዳኞች የአራቱ ፈቃድ በቂ ነው፤ ያን ያህል ድምፅ አልተገኘም። ይህ ለጊዜው እፎይ ያሰኛል፤ ሁለተኛ አይመጣም ማለት ግን አይደለም።

የ2022ቱ የፌዴራል ሕግ የሚሸፍነውና የሚተወው

ከዶብስ በኋላ ኮንግረሱ የጋብቻ አክብሮት ሕግን በሴኔት 61 ለ 36፣ በተወካዮች ምክር ቤት 258 ለ 169 አጽድቆ ዲሴምበር 13 ቀን 2022 ተፈረመ። ብዙ ሰው ይህ ሕግ ኦበርገፌልን ይተካል ብሎ ያስባል። አይተካም። ሕጉ ሁለት ነገር ያደርጋል። አንደኛ፣ የፌዴራል መንግሥት በተፈጸመበት ቦታና ጊዜ ሕጋዊ የነበረን ጋብቻ እንዲቀበል ያዛል፤ ግብር፣ ሶሻል ሴኩሪቲ (የመንግሥት ጡረታ)፣ ኢሚግሬሽን፣ የወታደር ጥቅማ ጥቅም በዚህ ሥር ይወድቃሉ። ሁለተኛ፣ አንድ ግዛት በሌላ ግዛት የተፈጸመን ጋብቻ በተጋቢዎቹ ፆታ ወይም ዘር ምክንያት አልቀበልም እንዳይል ይከለክላል። ግዛቶች አዲስ ፈቃድ እንዲሰጡ ግን አያስገድድም።

ስለዚህ ኦበርገፌል ቢሻር፣ በሕጉ ቃል መሠረት የሚሆነው ይህ ነው። ቴክሳስ ፈቃድ መስጠት ልታቆም ትችላለች፤ ኒው ሜክሲኮ ሄደው ተጋብተው የተመለሱትን ግን መቀበል ይኖርባታል። በ2018 እዚሁ ቴክሳስ፣ በሂዩስተን የተጋቡትስ? የፌዴራል መንግሥት ጋብቻቸውን መቀበሉን ይቀጥላል። በቴክሳስ ራሷ ዘንድ ስላላቸው ቦታ ግን የሕጉ ቃል ዝም ይላል፤ የሚናገረው ከሌላ ግዛት ስለመጣ ጋብቻ ነውና። ብዙ የሕግ ባለሙያዎች ሕጋዊ ሆኖ የተፈጸመ ጋብቻ ወደ ኋላ ተመልሶ አይፈርስም ይላሉ፤ እኛም የሚታየን እንደዚያው ነው። ይሁንና ክርክሩ በፍርድ ቤት እስኪያልቅ ድረስ በመሀል የታመመውና የሞተው ሰው ጉዳይ አይጠብቅም። ከዚህ በታች የሚዘረዘሩት ሰነዶች ለተጋቡትም አስፈላጊ የሚሆኑት በዚህ ምክንያት ነው።

ሆስፒታል

አንድ ያረጀ ስሕተት አለ፤ ያልተጋቡ ሰዎች በሆስፒታል መጠያየቅ አይችሉም የሚል። ከ2011 ጀምሮ የሜዲኬርና የሜዲኬድ (የመንግሥት የጤና መድን) ገንዘብ የሚቀበል ሆስፒታል በሽተኛው የፈቀደውን ጠያቂ መከልከል አይችልም። ችግሩ ከመጠየቅ አልፎ ውሳኔ ላይ ሲደረስ ነው። በሽተኛው ራሱን ሲስት ሐኪሙ ፈቃድ የሚጠይቀው ማንን ነው? በቴክሳስ ሕግ ተራው የሚጀምረው ከትዳር ጓደኛ ነው፤ ከዚያ ለአካለ መጠን የደረሱ ልጆች፣ ከዚያ ወላጆች። ያልተጋባ ሰው በሽተኛዋ አጠገብ ለዓመታት ቢኖርም፣ ከእርሷ ጋር ከተኳረፉ ብዙ ዘመን የሆናቸው እናትና አባት ይቀድሙታል።

ይህን ተራ የሚያስቀይረው የሕክምና ውክልና ነው። በኖተሪ (በሕግ የተፈቀደለት ፊርማ አረጋጋጭ) ፊት ወይም በሁለት ምስክሮች ፊት ይፈረማል። ከምስክሮቹ ቢያንስ አንዱ ከወካዩ ጋር የሥጋም የጋብቻም ዝምድና የሌለው፣ ከውርሱም የማይካፈል፣ ካካሚ ሐኪሙም ያልሆነ መሆን አለበት፤ ሰነዱ ብዙ ጊዜ የሚበላሸው እዚህ ጋ ሁለቱም ምስክሮች ዘመድ ሲሆኑ ነው። ለዚህ ኖተሪው ይሻላል። ውክልናው ሥራ የሚጀምረው ሐኪሙ በሽተኛው መወሰን አልቻለም ብሎ በጽሑፍ ሲያረጋግጥ ነው። ከዚያ በፊት የሕክምና መረጃ ለማየት የተለየ ፈቃድ ያስፈልጋልና ሁለቱ አብረው ይፈረሙ። ሌላው የተለመደ ስሕተት ዋናውን ቅጂ ባንክ ሣጥን ውስጥ ቆልፎ ማስቀመጥ ነው፤ ሌሊት 8 ሰዓት ላይ ባንክ የለም። ፎቶው በሁለቱም ስልክ ላይ፣ አንድ ቅጂ በሐኪሙ መዝገብ ውስጥ ይኑር።

አስከሬን የማን ነው?

በዳላስና በሂዩስተን ላሉ አበሾች ይህኛው ክፍል ከሁሉም ይቀርባል፤ ምክንያቱም ከእኛ ሰው ብዙው ሲሞት ጥያቄው የት ይቀበር ከሚለው በፊት ወደ አገር ቤት ይላክ ወይስ እዚህ ይቅር የሚል ነው። በቴክሳስ ሕግ ይህን የመወሰን መብት በቅድሚያ ሟቹ በጽሑፍ የሾመው ሰው ነው፤ ቀጥሎ የትዳር ጓደኛው፣ ቀጥሎ ልጆቹ፣ ወላጆቹ፣ ወንድምና እኅቶቹ። አብሮ የኖረ ያልተጋባ ሰው በዚህ ዝርዝር ውስጥ ጭራሽ የለም። የዕድር መዝገብ ላይ በቤተሰብነት መጻፍም ይህን መብት አይሰጥም፤ ዕድሩ ገንዘቡን ይከፍላል እንጂ ቀብር አስፈጻሚው የሚፈልገው ሕጉ የሚያውቀውን ሰው ፊርማ ነው። ቤተሰብ ከተጋጨ ደግሞ አስፈጻሚው እጁን አጣጥፎ ፍርድ ቤት እስኪወስን ይጠብቃል፤ አስከሬኑም በማቀዝቀዣ ይቆያል።

መፍትሔው አጭር ቅጽ ነው። ሿሚው ይፈርማል፣ ፊርማውን ኖተሪ ያረጋግጣል፣ ተሿሚውም ይፈርማል። ብዙዎች ሦስተኛውን ይረሱታል። ይህን ፍላጎት በኑዛዜ ውስጥ ብቻ መጻፍም አይመከርም፤ ኑዛዜ የሚከፈተው ብዙ ጊዜ ከቀብር በኋላ ነው።

ቤትና ውርስ

ቴክሳስ የጋራ ንብረት ከሚባልባቸው ዘጠኝ ግዛቶች አንዷ ናት፤ በትዳር ዘመን የተፈራው በማንም ስም ይሁን በመሠረቱ የሁለቱ ነው። ከዚያ በላይ ደግሞ የግዛቲቱ ሕገ መንግሥት በሕይወት የቀረው የትዳር ጓደኛ በመኖሪያ ቤቱ ዕድሜ ልኩን የመቀመጥ መብት ይሰጠዋል፤ ቤቱ በሟቹ ስም ብቻ ቢሆንና ወራሾቹ ሌሎች ቢሆኑ እንኳ አያስወጡትም። ሟቹ 65 ዓመት ሞልቶት በቤቱ ላይ የሚከፍለው የትምህርት ቤት ግብር ተገድቦለት ከነበረም፣ 55 የሞላው የትዳር ጓደኛ ያንኑ ገደብ ይዞ ይቀጥላል። ያልተጋባ ሰው ከእነዚህ አንዱም የለውም። ኑዛዜ ከሌለ ንብረቱ ወደ ልጆች፣ ከሌሉ ወደ ወላጆችና ወንድም እኅቶች ይሄዳል፤ 20 ዓመት የቤት ዕዳ አብሮ የከፈለው ሰው በሕግ ዓይን እንግዳ ነው።

ኑዛዜ በቴክሳስ ቀላል ነው፤ ቀላልነቱም ሰውን ያሳስታል። ሙሉ በሙሉ በተናዛዡ እጅ የተጻፈና የተፈረመ ኑዛዜ ምስክር አያስፈልገውም። የታተመ ከሆነ ግን ሁለት ምስክሮች ግድ ናቸው። ችግር የሚመጣው ከኢንተርኔት ቅጽ አውርዶ ባዶ ቦታዎቹን በእጅ ሞልቶ ያለ ምስክር የፈረመ ሰው ላይ ነው፤ ወረቀቱ ግማሹ ታትሟልና የእጅ ጽሑፍ አይባል፣ ምስክርም የለውም። ለቤት የሚሆን ሌላም መንገድ አለ። ከሴፕቴምበር 1 ቀን 2015 ወዲህ ባለቤቱ ሲሞት ቤቱ በቀጥታ ወደተጠቀሰው ሰው የሚተላለፍበት የባለቤትነት ሰነድ ተፈቅዷል። በኖተሪ ይረጋገጣል፣ ባለቤቱ በሕይወት እያለም ካውንቲው ጽሕፈት ቤት ይመዘገባል። ተፈርሞ መሳቢያ ውስጥ የቀረ እንዳልተጻፈ ይቆጠራል።

ልጅ

ትልቁ አደጋ እዚህ ነው፤ ከሁሉ ያነሰ ጥንቃቄ የሚደረገውም እዚሁ ነው። ሁለት ሴቶች ተጋብተው አንደኛዋ ስትወልድ ሆስፒታሉ የሁለቱንም ስም በልደት ምስክር ወረቀት ላይ ይጽፋል። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ2017 በአርካንሳስ ላይ በፈረደው የፓቫን ጉዳይ፣ ለወንድ ባል የሚደረገው ለሴት የትዳር ጓደኛም መደረግ አለበት ብሏል። ቤተሰቡ ወረቀቱን አይቶ ሁሉ ነገር አለቀ ብሎ ይተኛል። የልደት ምስክር ወረቀት ግን የአስተዳደር መዝገብ ነው፤ ፍርድ አይደለም። የተመሠረተውም በጋብቻ ግምት ላይ ነው። የቴክሳስ የቤተሰብ ሕግ ደግሞ ያንን ግምት የጻፈው ለእናቲቱ ባል ለሆነ «ወንድ» ነው፤ ቃሉ ከ2015 በኋላ አልተስተካከለም። ጋብቻው ላይ ክርክር ቢነሣ፣ ወይም ሁለቱ ሲፋቱ ወላጇ እናት ጠላት ብትሆን፣ ያልወለደችው እናት ልጄ ናት ለማለት የምትመዝዘው ወረቀት ይህ ብቻ ከሆነ አቋሟ ደካማ ነው።

የማይነቃነቀው የፍርድ ቤት ውሳኔ ነው። ማርች 7 ቀን 2016 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ አላባማ ከጆርጂያ የመጣን የጉዲፈቻ ፍርድ አልቀበልም ማለት አትችልም ብሎ ወሰነ። ምክንያቱም ሕገ መንግሥቱ አንዱ ግዛት የሌላውን ፍርድ እንዲያከብር ስለሚያዝ ነው፤ ያ ግዴታ ከኦበርገፌል በፊትም ነበረ፣ ኦበርገፌል ቢሻርም ይኖራል። ስለዚህ ስሟ በልደት ወረቀቱ ላይ ያለ እናትም ብትሆን የራሷን ልጅ በጉዲፈቻ ማስፈረዷ ትርፍ አይደለም። የገዛ ልጅን በጉዲፈቻ ውሰጂ መባል እንደሚያሳምም እናውቃለን፤ ብዙ እናቶች በዚህ ምክንያት ይተዉታል። ግን ልጇን የሚጠብቅላት ከዚህ የበለጠ ወረቀት የለም።

አካሄዱ የእንጀራ ወላጅ ጉዲፈቻ የሚባለው ነው። ሁለቱም ተጋቢዎች በአንድ ላይ ለፍርድ ቤቱ ያመለክታሉ። የወንጀል መዝገብ ምርመራ ይቀርባል። ልጁ ከአመልካቿ ጋር ስድስት ወር መኖሩ ይጠየቃል፤ ፍርድ ቤቱ ለልጁ ይበጃል ካለ ሊያነሣው ይችላል። ልጁ 12 ዓመት ከሞላው የራሱ ፈቃድ ያስፈልጋል። ፍርዱ ከተፈረመ ስድስት ወር ካለፈው በኋላ ደግሞ በቴክሳስ ሕግ መሠረት ማንም ሊያጠቃው አይችልም። ስለዚህ የሚፈጥን ሰው ይጠቀማል። የተረጋገጡ ቅጂዎችን ከአንድ በላይ ማውጣት፣ ከአገር ሲወጡም አንዱን መያዝ ይገባል።

ከሁሉ የሚያሳዝነው በመጀመሪያው ቀን የሚፈጸም ስሕተት ነው። የቴክሳስ ሕግ ዘር የለገሰ ሰው ወላጅ አይደለም ይላል፤ «ለጋሽ» ብሎ የሚያውቀው ግን ፈቃድ ላለው ሐኪም የሰጠውን ነው። ወጪ ለመቆጠብ ከሚያውቁት ወንድ ጋር ተስማምተው ቤት ውስጥ የሞከሩ ሰዎች፣ ያ ሰው ነገ አባት ነኝ ብሎ ቢመጣ ሕጉ በራቸውን አይዘጋላቸውም። የጽሑፍ ስምምነት ብቻውን አያድንም። ለሁለት ወንዶች ደግሞ በማኅፀን አደራ (ሌላ ሴት ፀንሳላቸው) የሚወለድ ልጅ ውል ከልደት በፊት በፍርድ ቤት መጽደቅ አለበት፤ ሕጉ ወላጅ ሊሆኑ የሚሹት የተጋቡ እንዲሆኑ ይጠይቃል፣ ደግሞም መውለድ ስለማትችል «እናት» ይናገራል። የሕጉ ቃል እንዲህ ስለሆነ ውሉ ከመፈረሙ በፊት ይህን ሥራ የሚያውቅ ጠበቃ ካልተያዘ ልጁ ከተወለደ በኋላ ማስተካከሉ በጣም ከባድ ነው።

ኢሚግሬሽን፣ እና ለሁሉ የሚታይ መዝገብ

ከ2013 ጀምሮ የአሜሪካ ኢሚግሬሽን የሚያየው ጋብቻው የተፈጸመበትን ቦታ ሕግ ነው። ተጋቢዎቹ የመጡበት አገር ማወቁ አይጠየቅም። የኢትዮጵያ ሕግ ይህን ጋብቻ አያውቅም፤ የወንጀል ሕጉም በአንቀጽ 629 የተመሳሳይ ፆታ ግንኙነትን ያስቀጣል። ስለዚህ እዚያ ተጋብቶ መምጣት የለም፤ የተለመደው መንገድ የእጮኛ ቪዛ ነው። እጮኛው ከገባ በኋላ በ90 ቀን ውስጥ መጋባት ግዴታ ነው። ቴክሳስ አንድ ቀን ፈቃድ መስጠት ብታቆም 90ው ቀን አይራዘምም፤ ወደ ሌላ ግዛት ሄዶ መጋባት የግድ ይሆናል።

በዚህ ጉዳይ የእኛን ሰው ለብቻ የሚገጥመው ሌላ ነገር አለ። ትዳሩ እውነተኛ መሆኑን ለማስረዳት ብዙ ሰው የሚያቀርበው የሠርግ ፎቶ፣ የዘመድ አዝማድ ምስክርነት፣ ቤተሰብ የሞላበት ግብዣ ነው። ከቤተሰቡ ተደብቆ የሚኖር ሰው ይህ የለውም፤ አለመኖሩም ሐሰተኛ ጋብቻ ያስመስለዋል። ይህን የሚሞላው የወረቀት ሕይወት ነው፦ የጋራ የቤት ኪራይ ውል፣ የጋራ የባንክ ሒሳብ፣ በአንድ ላይ የተሞላ የግብር ወረቀት፣ አንዱ ሌላውን ተጠቃሚ ያደረገበት የሕይወት መድን፣ ከጎረቤትና ከሥራ ባልደረባ የተጻፈ ምስክርነት። ከመጀመሪያው ወር ጀምሮ ይሰብሰብ።

ሊታወቅ የሚገባው ሌላም አለ። በቴክሳስ የጋብቻ መዝገብ ለሕዝብ ክፍት ነው። ብዙ ካውንቲዎች የተጋቢዎችን ስም በኢንተርኔት እንዲፈለግ አድርገዋል። ስሙን የሚያውቅ ማንም ሰው፣ አዲስ አበባ ሆኖም ቢሆን፣ ሊያገኘው ይችላል። ይህ አትጋቡ ማለት አይደለም። ዘመድ በሌላ መንገድ ሳይሰማ ማን ቀድሞ ይወቅ፣ አገር ቤት ያለ ንብረትና ጉዞ እንዴት ይሁን የሚለው ፈቃዱ ከመውጣቱ በፊት ይታሰብበት ለማለት ነው።

ፈቃዱን ማውጣት

ሁለቱም መታወቂያ ወይም ፓስፖርት ይዘው በማንኛውም የቴክሳስ ካውንቲ ጸሐፊ ዘንድ ይቀርባሉ፤ የሚኖሩበት ካውንቲ መሆን የለበትም። ዕድሜ 18 መሙላት ግድ ነው። ክፍያው እንደ ካውንቲው ይለያያል፤ ስምንት ሰዓት የሚወስደውን የቅድመ ጋብቻ ትምህርት የወሰደ 60 ዶላር ይቀነስለታል፣ የ72 ሰዓቱ ጥበቃም ይነሣለታል። ላልወሰደ ፈቃዱ ከወጣ በኋላ 72 ሰዓት ሳያልፍ መጋባት አይቻልም፤ ወታደር ከሆነ ወይም ዳኛ ካነሣለት በስተቀር። 90 ቀን ከሞላው ይቃጠላል። ከሥነ ሥርዓቱ በኋላ አጋቢው ፈርሞ በ30 ቀን ውስጥ ለካውንቲው ይመለሳል። ወረቀቱ ሳይመለስ ቀርቶ ዓመታት በኋላ «መዝገብ የለም» የሚባል ሰው አለና፣ በወሩ ደውሎ ማረጋገጥ ጥሩ ነው።

ጸሐፊው እምቢ ቢልስ? በ2015 ሁድ ካውንቲ ለሁለት ወንዶች ፈቃድ ባለመስጠቱ ተከሶ ወደ 44,000 ዶላር ከፍሎ ነው የተስማማው። ፈቃድ የመስጠት ግዴታ የጽሕፈት ቤቱ ነው፤ አንድ ሠራተኛ ባይፈልግ ሌላ ይሰጣል። ማጋባት ግን ሌላ ነው። የቴክሳስ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በኦክቶበር 2025 በዳኞች የሥነ ምግባር ደንብ ላይ በጨመረው ማብራሪያ፣ ዳኛ ከልቡ በያዘው የሃይማኖት እምነት ምክንያት ሠርግ አላስፈጽምም ቢል ጥፋት አይሆንበትም ብሏል። በትልቅ ከተማ ይህ ብዙ አይሰማም፤ ጥቂት ዳኞች ባሉበት ገጠር ካውንቲ ግን ከመሄድ በፊት ስልክ መደወል ያስፈልጋል። ቤተ ክርስቲያን ትገደዳለች የሚለው ፍርሃት በእኛ መካከል ብዙ ይነገራል። አትገደድም። የአሜሪካ ሕገ መንግሥት ይጠብቃታል፤ በ2015 የወጣው የቴክሳስ ሕግም ሆነ የ2022ቱ የፌዴራል ሕግ ይህንኑ በግልጽ ጽፈውታል።

ሳይመዘገቡ የተጋቡም አሉ። በቴክሳስ ሁለት ሰዎች ተጋብተናል ብለው ከተስማሙ፣ በቴክሳስ እንደ ተጋቢ አብረው ከኖሩ፣ ለሌሎችም ባልና ሚስት ወይም የትዳር ጓደኛሞች ነን ብለው ከታወቁ፣ ያለ ሥነ ሥርዓት ጋብቻ አለ ሊባል ይችላል። ይህ ከ2015 በፊት ለነበሩት ዓመታትም ይሠራል፤ በዚያው ዓመት በኦስቲን የውርስ ችሎት የሞተች ሴት የስምንት ዓመት ኑሮ በዚህ መንገድ ጋብቻ ተብሎ ተቀባይነት አግኝቷል። ቀኑን ካውንቲው ዘንድ በመሐላ ማስመዝገብ ይቻላል። ከተለያዩ በኋላ ሁለት ዓመት ሳይከሰስ ካለፈ ግን ሕጉ ጋብቻ አልነበረም ብሎ ይገምታል።

ስለ ፍቺም ጥቂት። በ2010 የዳላስ ይግባኝ ፍርድ ቤት በማሳቹሴትስ የተጋቡ ሁለት ወንዶችን ማፋታት አልችልም አለ፤ ቴክሳስ ጋብቻውን ስለማታውቀው። እነዚያ ሰዎች መጋባታቸውን ከማጣት ይልቅ መፋታታቸውን ነው ያጡት፤ በፍቺ ሕግ ንብረት መካፈልም አልቻሉም። ዛሬ ሕጉ ለሁሉም አንድ ነው፦ በግዛቲቱ ስድስት ወር፣ በካውንቲው 90 ቀን መኖር፣ ከማመልከቻው በኋላ 60 ቀን መጠበቅ። ከተፋቱ በኋላ ግን ልጅ በጉዲፈቻ ካልተያዘ ከላይ ስለ ልጅ ያልነው ክርክር ሁሉ ይመጣል።

የሶሻል ሴኩሪቲ ሒሳብ

የሟች የትዳር ጓደኛ ጡረታ ከ60 ዓመት ጀምሮ ይወሰዳል፤ ሙሉ የጡረታ ዕድሜ ሲደርስ ሟቹ ይቀበል የነበረውን ያህል ሊሆን ይችላል። ብዙ ሰው ለጠና ጊዜ የሚተማመንበት ይህ ነው። በደንቡ መሠረት ግን ከሞቱ በፊት ቢያንስ ዘጠኝ ወር ተጋብተው መኖር ነበረባቸው። በክልከላው ምክንያት ሳይጋቡ የትዳር ጓደኛቸው የሞተባቸው ሰዎች፣ ወይም ሲፈቀድ ወዲያው ተጋብተው ዘጠኝ ወር ሳይሞላቸው የተለዩ፣ ለዓመታት ተከለከሉ። በፌዴራል ፍርድ ቤት ካሸነፉ በኋላ መንግሥቱ ይግባኙን በኖቬምበር 2021 አነሣ። በዚያ ምክንያት ከዚህ በፊት «አይገባህም» ተብሎ የተመለሰ ሰው ዛሬም ማመልከት ይችላል፤ ክልከላው ባይኖር ኖሮ ይጋቡ እንደነበር የሚያሳይ የጋራ ሒሳብ፣ የቤት ውል፣ ደብዳቤና የምስክር ቃል ይዞ ነው የሚቀርበው።

ይህ በር የተከፈተው ሕግ ለከለከላቸው ነው። አሁን መጋባት እየቻሉ፣ «ሲታመም እንጋባለን» ብለው ለሚያቆዩት አይደለም። ዘጠኙ ወር የሚቆጠረው ከተጋቡበት ቀን ነው፤ ከዚያ በፊት ሳይጋቡ አብረው የኖሩበት 10 ወይም 30 ዓመት በዚያ ቆጠራ ውስጥ አይገባም።